ታይሻንን ከሥሩ ጀምሮ በእግር መውጣት፦ ከዳይ መቅደስ እስከ ተራራው ጫፍ

ወደ ታይሻን አናት አውቶቡስም ኬብል ካርም ያደርሳሉ። ሁለቱን አከታትሎ የተሳፈረ ሰው ብዙ ላብ ሳያፈስ ከደመናው በላይ ይገኛል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ፎቶ ተነሳሁ፣ ብርዱ ሲበረታብኝ ወረድኩ፤ ስመለስ ለጠየቀኝ ሰው የምነግረው አንድም ነገር አልነበረኝም። በሌላ ጊዜ ተመልሼ ከከተማው መቅደስ ጀምሬ ደረጃውን በእግሬ ስወጣ ግን ነገሩ ገባኝ። በታይሻን ላይ ቤተ መቅደሱ መንገዱ ራሱ ነው። በሩ ከተማው ውስጥ ነው፣ ቅድስቱ አናቱ ላይ ነው፣ በመካከሉ ያለው ከ6,000 በላይ ደረጃ ደግሞ ቅኔ ማሕሌቱ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ይህ መመሪያ በዚያ ቅደም ተከተል ለመሄድ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ ተራራው ለምን ተቀደሰ?

ይህን ሳያውቁ መውጣት ደረጃ መቁጠር ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ታይሻን በምሥራቅ ቻይና፣ በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ከታይአን ከተማ ራስጌ የቆመ ተራራ ነው። ቻይናውያን በአራቱ ማዕዘንና በመካከል አንዳንድ፣ በድምሩ አምስት ታላላቅ ተራሮችን ከጥንት ጀምሮ ያከብራሉ። ከአምስቱ የበላይ የሚባለው ታይሻን ነው፤ ቁመቱ ግን ለዚህ ምክንያት አይደለም፤ በምዕራብ ያለው ሁዋሻን ይበልጠዋል። ቁም ነገሩ ቦታው ነው። ታይሻን የምሥራቁ ተራራ ነው፤ ምሥራቅ ደግሞ ፀሐይ የምትወጣበት፣ ሕይወት የሚጀምርበት አቅጣጫ ነው። በዚያው ልክ የሞቱ ሰዎች ነፍስ ወደ ታይሻን ትሄዳለች የሚል ጥንታዊ እምነት አለ። ስለዚህ የተራራው አምላክ፣ “የምሥራቁ ተራራ ታላቅ ንጉሥ” የሚሉት፣ የልደትም የሞትም መዝገብ ያዥ ተደርጎ ይታያል።

ነገሥታቱም ለዚሁ መጡ። አንድ ንጉሠ ነገሥት አገሩን አንድ አድርጎ ሰላም ካወረደ በኋላ እዚህ መጥቶ በተራራው አናት ለሰማይ፣ በግርጌው ባለ ኮረብታ ላይ ደግሞ ለምድር መሥዋዕት ያቀርባል። ሥርዓቱ “ፌንግ” እና “ሻን” ይባላል (ይህኛው “ሻን” ተራራ ከሚለው ቃል የተለየ ነው)። ቻይናን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋሐደው ቺን ሺ ሁዋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 መጣ። የሃኑ ንጉሠ ነገሥት ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ110 ተከተለው (ሃን፣ ከታች ያሉት ታንግና ሶንግም፣ የሥርወ መንግሥት ስሞች ናቸው)። በ666 የታንጉ ጋኦዞንግ ሲመጣ ሚስቱ፣ በኋላ ራሷ የነገሠችው ዉ ዘቲየን፣ ለምድር በሚቀርበው መሥዋዕት ላይ ድርሻዋን ይዛ ተገኘች፤ ለአንዲት ሴት ያልተለመደ ክብር ነበር። የመጨረሻው ሥርዓት በ1008 በሶንጉ ንጉሥ ዠንዞንግ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ነገሥታት ተራራውን ቢጎበኙም ያን ሥርዓት የደገመው የለም። ዩኔስኮ ተራራውን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ በባህልም በተፈጥሮም።

1. መቼ ልሂድ? ምን ልያዝ?

ምርጡ ወቅት ፀደይ (ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት) እና የእነሱ መኸር (መስከረምና ጥቅምት) ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንደ እኛው ክረምት ዝናብና ጉም ይበዛበታል፤ ደረጃው ይንሸራተታል። በክረምታቸው ደግሞ በረዶ ይጥላል፤ ውበቱ ልዩ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ አልመክርም። ሁለት ጊዜያትን ፈጽሞ ሽሹ፦ የሜይ 1 በዓል ሰሞንና ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለውን የብሔራዊ በዓል ሳምንት። በእነዚያ ቀናት ደረጃው ላይ ሰው እንደ ጥምቀት ባሕር ይሞላል፤ ቆሞ የሚያነብ ቀርቶ ቆሞ የሚተነፍስም አያገኝም።

ከፍታው አያስፈራችሁ። አናቱ ላይ የተቀረጸው ቁመት 1,545 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ለደገኛ ሰው አየሩ ችግር አይሆንም፤ የሚፈትናችሁ ጉልበታችሁ ነው። ከግርጌው እስከ አናቱ ሽቅብ የምትወጡት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጠረበ የድንጋይ ደረጃ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለትና ሦስት ሳምንት የፎቅ ደረጃ እየወጣችሁ እየወረዳችሁ ጭናችሁን አለማምዱ።

ልብስ ደራርቡ፤ አናቱ ከታች ይልቅ ብዙ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ኃይለኛ ነው። በላብ የረጠበ ካናቴራ የሚቀየርበት ሌላ አንድ ያዙ። ጫማችሁ ሶሉ የሚይዝ፣ ከዚህ በፊት የለመዳችሁት ይሁን። ከዘራ ተራራው ሥር በርካሽ ይሸጣል፤ ግዙ፣ በተለይ ለመውረጃው።

2. ሰነድ፣ ስልክና ገንዘብ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ቻይና ለአንዳንድ አገሮች ያለ ቪዛ የመግቢያ ወይም የመሸጋገሪያ ፈቃድ ስለምትሰጥ፣ የእናንተ አገር ከዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከኤምባሲው አረጋግጡ።

ፓስፖርታችሁን ሆቴል ትታችሁ እንዳትወጡ። የባቡር ትኬትም ሆነ የተራራው መግቢያ የሚቆረጠው በፓስፖርት ቁጥር ነው፤ አናቱ ላይ ለማደርም ይጠየቃል። ክፍያ በአብዛኛው በስልክ ነው፤ ዊቻት ወይም አሊፔይ አውርዳችሁ የውጭ ባንክ ካርዳችሁን አገራችሁ ሳላችሁ አስገቡ፤ ለመጠባበቂያ ግን ጥቂት መቶ ዩዋን በእጃችሁ ይኑር። ጉግል፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም እዚያ ስለማይሠሩ ካርታውንና የቻይንኛ መተርጎሚያውን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አድርጋችሁ ቀድማችሁ ጫኑ። ቤተሰብም በሌላ መንገድ እንደምታገኟቸው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሁለት ቀን ዝም ስትሏቸው ይጨነቃሉ።

3. ወደ ታይአን መድረስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቤጂንግም ወደ ሻንግሃይም ይበራል። ከቤጂንግ ደቡብ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር ታይአን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሻንግሃይ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፈጣን ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ “ታይአን” ሲባል ከከተማው ምዕራብ ነው። “ታይሻን” የሚባለው ጣቢያ ደግሞ የድሮው ነው፤ ለመቅደሱ የሚቀርበው እሱ ቢሆንም የሚያስተናግደው ዘገምተኛ ባቡሮችን ነው። ትኬት ስትቆርጡ ስሙን ልብ በሉ። ከየትኛውም ወርዳችሁ ለታክሲ ነጂው “ዳይ ሚያኦ” በሉት፤ ዳይ መቅደስ ማለት ነው። በዚያው አካባቢ አልጋ ያዙ።

ቀኑ ገና ከሆነ ወደ ተራራው አትጣደፉ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን የመቅደሱ ነው።

4. ዳይ መቅደስ፦ የተራራው ደጀ ሰላም

“ዳይ” የታይሻን ሌላ ስሙ ነው። ነገሥታት ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት ለተራራው አምላክ እጅ የሚነሱት እዚህ ነበር። ግቢው በግንብ የታጠረ፣ በአራት ማዕዘኑ ማማ ያለው፣ የቤተ መንግሥት አሠራር ያለው ነው። በደቡብ በር ግቡ፣ በሰሜን በር ውጡ። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መቅደሱ፣ የከተማው መንገድና የተራራው ደረጃ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ ቀጥታ መስመር የተዘረጉ ናቸው። በሰሜን በር ስትወጡ ተራራው ከፊታችሁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሠሪዎቹ የፈለጉትም ይህንኑ ነው።

ውስጥ ሦስት ነገር ሳታዩ አትውጡ።

የመጀመሪያው ቲየንኩዋንግ የሚባለው ዋናው አዳራሽ ነው። ጣሪያው ባለ ሁለት ድርብ፣ ሸክላው ቢጫ ነው፤ ቢጫ የነገሥታት ቀለም በመሆኑ ለማንም አይፈቀድም ነበር። በቻይና ከቤጂንግ ቤተ መንግሥትና በኩፉ ከተማ ካለው የጥንቱ ፈላስፋ የኮንፊውሺየስ መቅደስ ዋና አዳራሾች ጋር አብሮ የሚጠራ ነው። በውስጡ የተራራው አምላክ ሐውልት ተቀምጧል፤ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ አምላኩ በሠረገላ፣ በሹማምንትና በአጃቢ ታጅቦ ለጉብኝት ሲወጣና ሲመለስ የሚያሳይ ከ60 ሜትር የሚረዝም ሥዕል አለ። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ቆዩ። ፎቶ አታንሡ፣ ክልክል ነው።

ሁለተኛው የሃን ዘመን ጥዶች ናቸው። ንጉሠ ነገሥት ዉ ራሱ ተከላቸው ይባላል። ግንዳቸው ተጣምሞ፣ ልጣቸው ተልጦ፣ አንዳንዱ ግማሽ አካሉ ደርቆ፣ ከቀሪው ግማሽ ግን አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል። ብዙ ጎብኚ ሳያያቸው ያልፋል።

ሦስተኛው የቺን ዘመን የድንጋይ ጽሑፍ ስባሪ ነው። ቺን ሺ ሁዋንግና ልጁ ተራራው ላይ ያስቀረጹት ጽሑፍ ነበር፤ ጽሑፉ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሊ ስ የእጅ ሥራ ነው ይባላል። ዘመን፣ እሳትና ዘረፋ በልተውት ዛሬ የቀሩት ወደ አሥር የሚጠጉ ፊደላት ብቻ ናቸው። ከ2,200 ዓመት በኋላ በመስታወት ውስጥ ያሉትን እነዚያን ጥቂት ፊደላት ማየት የድንጋይ ሐውልት ባለበት አገር ላደገ ሰው ልዩ ስሜት አለው።

5. እራትና የጾም ነገር

ታይአኖች “የታይአን ሦስቱ ውበቶች” የሚሉት ጥቅል ጎመን፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል) እና የተራራው ውኃ ነው። ከሦስቱ የሚሠራ ሾርባ በየምግብ ቤቱ አለ። ጿሚ ለሆነ ሰው ደስ የሚያሰኝ ይመስላል፤ ግን ተጠንቀቁ፣ ሾርባው ብዙ ጊዜ በዶሮ ወይም በአሳማ መረቅ ነው የሚሠራው። “ዎ ቺ ሱ” በሉ፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። እንቁላልና ወተት ግን በዚህ ቃል አይከለከሉም፤ ለየብቻ በመተርጎሚያችሁ አሳዩዋቸው።

ከሁሉ የምመክራችሁ የሻንዶንግን ጂየንቢንግ ነው። ክብ የብረት ምጣድ ላይ በስሱ ተለቅልቆ የሚጋገር ቂጣ ነው፤ ሊጡ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከሌላ እህል ሊሆን ይችላል። እንጀራ የጋገረች እናት ብታየው እጅ አሠራሩን ወዲያው ታውቀዋለች። ረጅም ነጭ ሽንኩርት መሰል ባሮ ሽንኩርትና የአኩሪ አተር ድልህ ይጠቀለልበታል። ሳይሻግት ስለሚቆይ ለነገው መንገድ ስንቅ ይሆናል፤ ሦስት አራቱን አስጠቅልላችሁ ያዙ። በሌላ ከተማ በዚሁ ስም የሚሸጠው እንቁላል የተሰበረበት ነው፤ የታይአኑ ግን በራሱ ቂጣ ብቻ ነው።

6. ከቀይ በር እስከ መካከለኛው የሰማይ በር

በነጋታው ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሩ። ብዙ ወጣት ቻይናውያን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ተነስተው በጨለማ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ አናቱ ላይ ለመድረስ ነው። መንገዱ ሌሊትም መብራትና ሰው አያጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ ግን አልስማማበትም። በጨለማ የወጣ ሰው ያንን ሁሉ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ያንን ሁሉ መቅደስ በጎኑ እያለፈ አያየውም። ቀን ውጡ፣ አናቱ ላይ እደሩ፣ ፀሐይዋን በማግስቱ እዩ።

ከዳይ መቅደስ ሰሜን በር እስከ ቀይ በር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ ስትደርሱ ተከታታይ የድንጋይ በሮች ታያላችሁ፤ አንዱ ላይ “ኮንፊውሺየስ የወጣበት ቦታ” ተብሎ ተጽፏል፤ በ1560 የቆመ ነው። ከእሱ በኋላ የተነሳው የትምህርቱ ተከታይ ፈላስፋ ሜንሲየስ፣ ኮንፊውሺየስ ታይሻን ላይ ወጥቶ ከሰማይ በታች ያለው ሁሉ ትንሽ ሆኖ ታየው ብሎ ጽፏል።

ትኬት የሚታየው ትንሽ ከፍ ብሎ በዋንሲየን ማማ ነው። ከእሱ አለፍ ብሎ በመንገዱ ዳር ሁለት ፊደል ብቻ የተቀረጸበት ድንጋይ ፈልጉ። በ1899 የተቀረጸ እንቆቅልሽ ነው። እንዳለ ሲነበብ “ትል ሁለት” ይላል፤ ትርጉም የለውም። መፍትሔው ግን እንዲህ ነው፦ ቻይንኛ “ነፋስ” እና “ጨረቃ” የሚሉትን ሁለት ፊደላት ዙሪያቸውን ያለውን ድንበር ብታወልቁላቸው የሚቀረው “ትል” እና “ሁለት” ነው። ድንበራቸው የጠፋ ነፋስና ጨረቃ፤ ማለትም “ወሰን የሌለው ውበት”። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህንን ድንጋይ ሳይወደው አያልፍም።

ከዚያ የዶውሙ መቅደስ ይመጣል፤ ዶውሙ የሰሜን ከዋክብት እናት ናት። ትንሽ ዕረፉና ቀጥሉ። ከመቅደሱ በላይ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ቅያስ መንገድ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎች ለጉልበታቸው አዝነው ይዘልሏታል። እናንተ አትዝለሏት። ወደ ጅንግሺ ሸለቆ ትወስዳችኋለች። እዚያ ወንዝ የላሰው ሰፊ፣ አዘቅዛቂ ድንጋይ ላይ የቡድሂስቶች ቅዱስ ጽሑፍ የሆነው የአልማዝ ሱትራ ተቀርጿል። እያንዳንዱ ፊደል ግማሽ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ1,400 ዓመት በፊት፣ በሰሜን ቺ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው ይባላል፤ መጀመሪያ ከ2,700 በላይ ፊደላት ነበሩ፣ ውኃና እግር አጥፍቷቸው ዛሬ ከ1,000 ጥቂት ከፍ ያሉ ቀርተዋል። ማን እንደቀረጸው ስሙን አልተወም። የተከፈተ ገጽ ላይ የቆማችሁ ያህል ይሰማችኋል። ግማሽ ሰዓት ስጧት።

ወደ ዋናው መንገድ ተመለሱ። ሁዪማ፣ “ፈረስ የሚመለስበት ጋራ” የሚባለው ስፍራ ላይ ደረጃው ቀጥ ብሎ ሽቅብ ስለሚሆን ነገሥታትም ሳይቀሩ ከፈረስ ይወርዱ ነበር ይላሉ። ከዚያ በኋላ መካከለኛው የሰማይ በር፣ ጆንግቲየንመን፣ 847 ሜትር ላይ ይደረሳል። ከቀይ በር እስከዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያዙ።

7. ጆንግቲየንመን ላይ መወሰን

እዚህ ምሳ ብሉ፤ ራሳችሁን መርምሩም። የአውቶቡሱ መጨረሻና የኬብል ካሩ መነሻ እዚህ ነው። ጉልበቱ የታመመ፣ ልቡ የሚያስቸግረው፣ እርጉዝ ወይም አዛውንት የያዘ ሰው ከዚህ በኬብል ካር ቢወጣ የሚነቀፍበት ነገር የለም፤ ከቀይ በር እስከዚህ ያየው ራሱ ብዙ ነው። ጤነኛ ከሆናችሁ ግን ወረፋውን አትዩት፣ ወደ ደረጃው ሂዱ።

8. ወደ ደቡብ የሰማይ በር

ተራራው መጀመሪያ ይራራል። “የደስታ ሦስት ሊ” የሚሉት ሜዳማ መንገድ አለ፤ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። በደስታ ፈጥናችሁ ጉልበታችሁን እንዳትጨርሱ። ቀጥሎ የዩንቡ ድልድይና ፏፏቴው፣ ከዚያ የዉዳፉ ጥዶች።

ቺን ሺ ሁዋንግ በ219 ዓመት ከልደት በፊት ከተራራው ላይ ሳለ ዝናብ ያዘውና አንድ ጥድ ሥር ተጠለለ። ዛፉን “ዉዳፉ” ብሎ ሾመው፤ በዘመኑ የነበረ የሹመት ማዕርግ ነው። “ዉ” ቻይንኛ አምስት ማለት ስለሆነ ግን የኋላ ሰዎች “አምስት ባላባቶች” መስሏቸው አምስት ዛፍ አሉት። የጥንቶቹን ጎርፍ ወሰዳቸው፤ በ1730 አምስት ተተከሉ፣ ከእነሱም ሁለቱ ዛሬ ቆመዋል። እንደዚህ አንድ ቃል በስሕተት ተተርጉሞ አራት ዛፍ ሲያበቅል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ቀና በሉ። በሁለት ገደል መካከል ደረጃው እንደ መሰላል ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀይ በር ትታያለች። ይህ ሺባፓን፣ አሥራ ስምንቱ ጥምዝ ነው። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሽቅቡ ግን 400 ሜትር ያህል ነው፤ ደረጃው ከ1,600 ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ይላል፣ እንደ አቆጣጠሩ። የአገሩ ሰው ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ቀስተኛው፣ መካከለኛውና ጥብቁ። የሚያስለቅሰው ጥብቁ ነው።

እዚህ ላይ አወጣጥ ከተራራው ተሸካሚዎች ተማሩ። ሁለት ጫፉ ላይ ሸክም የተንጠለጠለበት እንጨት በትከሻቸው አድርገው ውኃ፣ ሩዝ፣ ሲሚንቶ ወደ አናቱ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። ቀጥ ብለው አይወጡም። ከደረጃው ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሱ በሰያፍ ይወጣሉ፤ በዚህም ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ንግግር አያበዙም፣ አይቸኩሉም። እናንተም ደረጃ ቆጥራችሁ ዕረፉ፤ ሃምሳ ወጥታችሁ ሃያ መተንፈስ። ስታርፉ ተቀመጡ ሳይሆን ቁሙ፤ ተቀምጦ የሚነሳ ጭን ይኮማተራል። መንገድ ለሸክም ልቀቁ። አናት ላይ ውኃ ከታች ይልቅ ሲወደድባችሁም አትከራከሩ፤ እያንዳንዷ ጠርሙስ በአንድ ሰው ትከሻ ወጥታለች። በየመንገዱ የሚሸጠውን ኪያር ግዙ፤ ከውኃ የበለጠ ያረካል።

ደረጃው ሲያልቅ ደቡብ የሰማይ በር፣ ናንቲየንመን ናችሁ፤ 1,460 ሜትር። በሩን በ1264 ያሠራው የታኦ፣ የቻይና አገር በቀል ሃይማኖት፣ መነኩሴ ነው። ወደኋላ ዞራችሁ የመጣችሁበትን ተመልከቱ። ማልቀስ ያማራችሁ እንደሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም።

9. የቢሺያ መቅደስ፦ የእናቶች ስለት

ከበሩ ወደ ቀኝ “የሰማይ ጎዳና” ይጀምራል፤ ምግብ ቤትና ማደሪያ የተደረደረበት ነው። ዕቃችሁን አልጋ ክፍላችሁ አስቀምጡና ሳይመሽ ወደ ቢሺያ መቅደስ ሂዱ።

ነገሥታቱ ለሰማይ ብለው መጡ፤ ሕዝቡ ግን የሚመጣው ለቢሺያ ነው። የጎሕ ደመና እመቤት ይሏታል። ዠንዞንግ በ1008 ሲመጣ አናቱ ላይ ካለ ኩሬ የአንዲት ሴት የድንጋይ ምስል አገኘና መቅደስ አሠራላት፤ ከዚያ ወዲህ ክብሯ ከተራራው አምላክ ራሱ በለጠ። ልጅ የምትሻ ሴት፣ የታመመ ልጅ ያላት እናት፣ ወንድ ልጅዋን ፈተና ያስቀመጠች እናት ወደ እሷ ይወጣሉ። ልመናው ሲሰምር ደግሞ ተመልሶ ማመስገን ግዴታ ነው፤ “ሁዋንዩዋን” ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ስለት ማስገባት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም። በሦስተኛው የጨረቃ ወር፣ የልደቷ በዓል በሚከበርበት ፀደይ፣ ከየገጠሩ የሚመጡ አሮጊቶች ትንሽ ቦርሳ አንግተው እየተደጋገፉ ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ ታያላችሁ።

ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። አናቱ ላይ ያለው ነፋስ የሸክላ ክዳን ስለሚገነጥል የዋናው አዳራሽ ክዳን ከመዳብ፣ የጎኖቹ ከብረት የተሠሩ ናቸው።

ስለ ሥነ ሥርዓት ጥቂት ልበል። የበሩን መድረክ አትርገጡት፣ ተሻገሩት። ኮፍያና መነጽር አውልቁ። ከፊት ለፊት የሚሰግድ ሰው ካለ በመካከሉ አታቋርጡ፤ ምስሉንም የሚጸልየውንም ሰው ፎቶ አታንሡ። የማያምን ሰው እንዲሰግድ ወይም ዕጣን እንዲያጨስ ማንም አያስገድደውም፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ቢሆን በትሕትና ቆሞ ማየት ይበቃዋል። መነኮሳቱን ለመለየት ፀጉራቸውን እዩ፦ ፀጉሩን አሳድጎ አናቱ ላይ የቋጠረው የታኦ ነው፣ የተላጨው ቡድሂስት። ቢሺያ የታኦ መቅደስ ነው። ተራራው ደን በመሆኑ ከተፈቀደው የዕጣን ቦታ ውጭ እሳት መለኮስ በጥብቅ ክልክል ነው።

10. የታንግ ጽሑፍና ጫፉ

ከመቅደሱ በላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ ጽሑፍ የሞላበት ግዙፍ የገደል ግድግዳ አለ፤ ቁመቱ 13 ሜትር ይሆናል። የታንጉ ሹዋንዞንግ በ725 ሥርዓቱን ፈጽሞ በ726 ያስቀረጸው ነው፤ ጽሑፉን የጻፈው ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ከዚያው ጉዞ የተረፈ አንድ ወሬ አለ። ሥርዓቱን የመራው ሹም ጃንግ ዩዌ አማቹን፣ የልጁን ባል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ደረጃ ሾመው። ንጉሡ ነገሩ ገርሞት ሲጠይቅ አንድ የቤተ መንግሥት አጫዋች “የታይሻን ኃይል ነው” ብሎ መለሰ። ዛሬ ድረስ ቻይናዊ የሚስቱን አባት “ታይሻን” ብሎ ይጠራል።

ትንሽ ከፍ ስትሉ “ከአምስቱ ተራሮች ብቸኛው የበላይ” የሚል ድንጋይ ታገኛላችሁ። በኪሳችሁ ያለውን የ5 ዩዋን ኖት አውጡና ጀርባውን ከድንጋዩ ጋር አስተያዩት።

ጫፉ ላይ የጄድ ንጉሠ ነገሥት (በታኦ እምነት የሰማይ ገዥ) መቅደስ አለ፤ ትንሽ ናት። በግቢዋ መካከል በአጥር የተከበበው ሻካራ ድንጋይ የተራራው እውነተኛ ጫፍ ነው። ከደጃፏ ውጭ ደግሞ 6 ሜትር ያህል የሚቆም፣ አንድም ፊደል የሌለበት ሐውልት አለ። ቺን ሺ ሁዋንግ አቆመው የሚሉ አሉ፣ የሃኑ ዉ ነው የሚሉም አሉ። ከሥር እስከዚህ በሺህ የሚቆጠር ጽሑፍ አንብባችሁ መጥታችሁ ይህ ዝም ያለ ድንጋይ ፊት ስትቆሙ ምን እንደሚሰማችሁ እኔ አልናገርም።

11. ሌሊቱና ፀሐይዋ

የአናቱ ማደሪያ ውድ ነው፣ ክፍሉም ጠባብ ነው፤ ሞቃት ብርድ ልብስ ግን አለው። ቀድማችሁ ያዙ። ረጅም ወፍራም የወታደር ካፖርት በኪራይ ስለሚገኝ ከአገራችሁ ከባድ ልብስ አትሸከሙ። በሰኔ ፀሐይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላ ትወጣለች፤ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አለፍ ብሎ። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደ ሪጉዋን ጫፍ ሂዱ፤ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ረጅም ድንጋይ ያለበት ነው። ጉም ካለ ፀሐይዋ አትታይም፤ ብዙ ጊዜም ጉም አለ። ያኔ ቶሎ አትውረዱ፣ ደመናው ከእግራችሁ በታች እንደ ባሕር ሲፈስ ማየትም ይገኛል።

12. መውረድ

ሽቅብ በእግር፣ ቁልቁል በኬብል ካር፤ የእኔ ምክር ይህ ነው። ጉልበት የሚጎዳው በመውረድ ነው፤ ሺባፓንን በደከመ ጭን መውረድ አደገኛ ነው። ከናንቲየንመን አጠገብ በኬብል ካር ጆንግቲየንመን ውረዱ፤ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ ቲየንዋይ መንደር ያደርሳችኋል፤ ከተማው እዚያው ነው። ነፋስ ሲበረታ ኬብል ካሩ ስለሚቆም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በፊት የሚነሳ ባቡር ትኬት አትቁረጡ።

ቀን ከተረፋችሁ በፈጣኑ ባቡር አንድ ጣቢያ ወደ ደቡብ ተጉዛችሁ ኩፉ ምሥራቅ ውረዱ፤ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። የኮንፊውሺየስ መቅደስ፣ መኖሪያ ግቢና መቃብር እዚያ ነው። ከተማው ሜዳ ነው፤ ደረጃ የለበትም። በማግስቱ ለመታጠፍ እንቢ ለሚለው እግራችሁ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው።